ድንጋይ ይዞ ወደ ካርሜል

ጎህ ሲቀድ፣ ሃሊሳ፣ ሃይፋ

አባቴ ቀድመውኛል። አራተኛ ፎቅ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እሳቸው ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የጫማቸውን ክር አስረው፣ ድንጋያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ድንጋዩ ግማሽ ጡብ ያህላል። ከሕንፃችን ሥር ከሳምንት በፊት መርጠው አምጥተው፣ አጥበው፣ በረንዳ ላይ እንደ በርበሬ ሲያሰጡት ሰንብተዋል።

"አረፈድሽ" አሉኝ።

ከበረንዳው ማዶ የሃይፋ ወደብ መብራት ገና አልጠፋም።

ዛሬ ስግድ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ጎንደር ሳለን በዓመት አንድ ቀን እንጾምና ነጭ ለብሰን፣ ቄሶቹን ተከትለን ከፍ ያለ ተራራ እንወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ድንጋይ ይሸከማል፤ ትሕትናም ነው፣ ንስሐም ነው። እላይ ሲደርስ ድንጋዩን ያኖራል፣ ኦሪቱን ይሰማል፣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይሰግዳል። ከቀትር በኋላ ወርዶ ይበላል፣ ይጨፍራል። እዚህ ከመጣን ወዲህ ስግድ የሚከበረው ራሷ ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። ከየከተማው አውቶቡስ ይነሣል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አላየሁም። አባቴ በየዓመቱ ይሄዳሉ፣ በየዓመቱም እያጉረመረሙ ይመለሳሉ። "በአውቶቡስ ተራራ ይወጣል እንዴ?" ይላሉ።

ዘንድሮ የአውቶቡሱ ነገር ቀርቷል። በጸደይ ዳሌያቸው ተቀዶ ብረት ገብቶላቸዋል። ፊዚዮቴራፒስቷ "ለረጅም ሰዓት መቀመጥ አይሆንም፤ መራመድ ግን መድኃኒት ነው" ብላቸዋለች። እሷ ያሰበችው የሰፈሩን ጎዳና ነው፤ እሳቸው የሰሙት ተራራ ነው።

ይሁንና ዛሬ የምንሄደው ለጸሎት ብቻ አይደለም። ውርርድ አለብን።

ታናሽ ወንድሜ አዳነ እዚህ አገር ያደገ፣ ውትድርናውንም እዚህ የጨረሰ ነው። አሁን ቲራት ካርሜል ይኖራል፣ እዚያው በአንድ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። በአዲስ ዓመት ማዕድ ላይ ፖሙን በማር አጥቅሶ ሳይጨርስ ጀመረ። "አባ፣ ዳይ፣ ይበቃል። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ፣ በዚህ ዳሌ! እኔ ሰፈር ጥሩ የሽማግሌዎች ሆስቴል አለ። ነርስ አለች፣ ሊፍት አለ፣ እኔም በየማታው እመጣልሃለሁ። ሃኮል ቤሰደር፣ ሁሉም ደህና ይሆናል።"

አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ያሉት ይህ ነው" አሉ። "እንግዲያውስ ስሙኝ። በስግድ ዕለት የካርሜልን ተራራ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ድንጋዬን ተሸክሜ፣ በእግሬ እወጣለሁ። ከወጣሁ ስለዚህ ቤት ዳግመኛ አፋችሁን አትከፍቱም። ካቃተኝ ሻንጣዬን ራሴ አስራለሁ።"

"ቤሰደር" አለ አዳነ እየሳቀ። ተጨባበጡ። እኔን ዳኛ አደረጉኝ።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው፤ ስለዚህ ሆስቴል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መጥፎ አይደለም። ግን ከገዛ ቤታቸው ወጥተው፣ ዕለቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ የተዉ ሰዎችም አውቃለሁ። አባቴ ከበረንዳቸው ባሕሩንና የተራራውን ጀርባ ያያሉ፤ ታች ጎረቤት በስማቸው ይጠራቸዋል። ዳኛ ነኝ አልኩ እንጂ ልቤ ከማን ጋር እንደነበረ ግልጽ ነው። ደግሞም ፈርቻለሁ።

ማለዳ፣ አውቶቡስ ውስጥ

አዳነ መኪናውን ይዞ መጣ። አባቴ መኪናዋን አይተው አለፏት። ሦስታችንም ከተራራው ሥር ወዳለችው ነሸር ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። በዚህ ሰዓት የሚሳፈረው የጽዳት ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛና እንቅልፉን ያልጨረሰ ወታደር ነው። ሹፌሩ ድንጋዩን ሲያይ እግሩን ፍሬኑ ላይ አቆየው።

"ሳባ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አላቸው። ሳባ አያቴ ማለቱ ነው።

"ድንጋይ።"

"ነሸር ድንጋይ አጥታ ነው ከሃሊሳ የምታመላልስላት?"

ቀልዱ መሠረት አለው። ነሸር ስሟን ያገኘችው ከሲሚንቶ ፋብሪካዋ ነው። ፋብሪካው የአገሩ መንግሥት ከመቆሙ በፊት የተተከለ ሲሆን የዚህ አገር ሕንፃ ስንቱ ከዚያ በወጣ ዱቄት ቆሟል። ከአውቶቡሱ መስኮት የተራራው ጎን እንደ ተቆረሰ ዳቦ ነጭ ሆኖ ይታያል።

አባቴ ወደዚያው በአገጫቸው አመለከቱ። "እነሱ ከተራራው ወሰዱ" አሉ በዕብራይስጥ፣ ቃል እየመረጡ። "እኔ እመልሳለሁ።"

ስንወርድ ሹፌሩ በሩን ሳይዘጋ፣ እግራቸው አስፋልቱን እስኪረግጥ ጠበቃቸው።

ረፋድ ላይ፣ ነሸር ፓርክ

ፓርኩ ከከተማዋ የመጨረሻ ሕንፃዎች ጀርባ ይጀምራል። መግቢያው ነጻ ነው። የእንጨት ጠረጴዛ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የጥድ ጥላ አለ። ገና በጠዋቱ አንድ ቤተሰብ ሥጋ መጥበሻውን አቀጣጥሏል፤ ሽታው እየጾመ ለመጣ ሰው አይመከርም። አዳነ ሁለት ጊዜ ወደዚያ ዞሮ ሲያይ ያዝኩት።

ከጠረጴዛዎቹ አልፎ ጥልቅ ሸለቆ አለ። በግራና በቀኝ የባሉጥ፣ የካሮብና የዱር ወይራ ዛፎች እርስ በርስ ተያይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። ማታ ማታ ከርከሮ የቆፈረው አፈር ገና ትኩስ ነው። ይህን ሸለቆ ሁለት ተንጠልጣይ ድልድዮች ያቋርጡታል፤ ሰው ከሃይፋም ከሩቅም የሚመጣው እነሱን ብሎ ነው። ከድልድዮቹ ማዶ መንገዱ ሽቅብ ይነሣና የካርሜል ብሔራዊ ፓርክ ከሚጀምርበት ጀርባ ላይ ይደርሳል። እዚያ የሃይፋ ሰው "ትንሿ ስዊዘርላንድ" እያለ የሚያሞካሸው ጫካ አለ፤ ከአገሩ ጠፍተው የነበሩ አጋዘኖች ተመልሰው የሚዋለዱበት ቦታም እዚያው ተራራ ላይ ነው።

ቆሻሻ ገንዳ የሚያራግፍ የፓርክ ሠራተኛ ሰላም አለን። ሳሊም ይባላል፤ ከተራራው ላይ ከዑስፊያ መንደር የመጣ ዐረብኛ ተናጋሪ ድሩዝ ነው። ድንጋዩን አይቶ ሳቀ።

"ከፓርኩ ድንጋይ ማውጣት ክልክል ነው፣ አያ" አላቸው።

"ማስገባትስ?"

ሳሊም ጭንቅላቱን አከከ። "ስለ ማስገባት የነገረኝ ሰው የለም።"

ከቴርሞሱ ቡና ሊቀዳልን ሲል ጾመኞች መሆናችንን ነገርነው። ክዳኑን መልሶ ከደነው፤ የራሱንም ሳይጠጣ ቆየልን። አባቴ ስለ እሳቱ ጠየቁት። በፈረንጆቹ 2010 ማለቂያ፣ ዝናብ ዘግይቶ ምድሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ካርሜል ለቀናት ነድዷል። ብዙ ሰው ሞቷል። እኔ ከሃሊሳ በረንዳ ጭሱ ፀሐይን ሲሸፍናት አይቻለሁ፤ ያንን ሳምንት አባቴ ሌሊቱን መስኮት ላይ ቆመው ተራራውን ሲያዩ ያድሩ ነበር።

"ከእሳቱ በኋላ" አለ ሳሊም፣ "ሰው ሁሉ ችግኝ ይዞ ሊመጣ ፈለገ። ቆዩ ተባለ። ጥዱ እሳት ሲነካው ዘሩን ይረጫል፣ ባሉጡ ደግሞ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ዛሬ ስትወጡ እዩት፤ ግንዱ ጥቁር ነው፣ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ነው።"

አባቴ አዳነን ዞር ብለው አዩት።

ድልድዩ

ድልድዩ ከብረት ገመድና ከሳንቃ የተሠራ ነው። ጠባብ ነው፣ ይወዛወዛል። በሁለት እጅ ካልያዙ አይሆንም። አባቴ ደግሞ አንድ እጃቸው ድንጋይ ይዟል።

"ድንጋዩን ስጠኝ አባ" አለ አዳነ።

"የሰው ድንጋይ ሰው አይሸከምም።"

ይህ ሥርዓት ነው፤ በስግድ ዕለት እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል። አባቴ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ድንጋዩን መሐሉ ላይ አደረጉ፣ ሴት ልጅ እንደምታዝል አድርገው ጀርባቸው ላይ አዝለው ደረታቸው ላይ ቋጠሩት። ሁለት እጃቸው ነጻ ወጣ። አዳነ "ከወደቀ ልያዘው" ብሎ ከኋላቸው ሆነ። እኔ ተራዬን ጠበቅኩ፤ ከጀርባዬ ሩስኛ የሚያወሩ ባልና ሚስት ቆመዋል።

አባቴ በትናንሹ ይረግጣሉ። ሳንቃው ያቃስታል፣ እሳቸው መዝሙራቸውን በግዕዝ በልሆሳስ ይላሉ። ዳሌያቸውን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። ማዶ ደርሰው ድንጋዩን ሲነካኩ ትንፋሼ ወጣ። ለአዳነ "አየህ?" ልለው ስል እሱ መሐል ላይ ቆሟል።

ቆሟል ብቻ አይደለም፤ ደርቋል። ወደ ታች አይቶ ኖሯል። ያ በውትድርና መሣሪያ ተሸክሞ የሮጠ፣ በየዕለቱ ዕቃ ወደ ጣሪያ የሚሰቅል ሰውዬ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቀርቷል።

"አዳነ፣ ና ወደፊት" አልኩት።

"ሬጋ፣ ሬጋ" ይላል፣ ቆዪ ማለቱ ነው። አንድ ጣቱን እንኳ አላነሣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔ ወንድም የብረት ገመድ ጨመረበት። ሩስኛ ተናጋሪዋ ሴትዮ እኔን በርኅራኄ አየችኝ።

አባቴ ጫጫታ አላበዙም። ተመለሱ። ያቺን የምትወዛወዝ ድልድይ፣ ያንን የብረት ዳሌ ይዘው፣ ተሻግረው ካበቁ በኋላ ተመልሰው መጡባት። አዳነ ፊት ሲደርሱ ጀርባቸውን ሰጡትና ቆሙ።

"ታች አትይ" አሉት። "ድንጋዩን እይ። ሌላ ነገር አታይም። የጋቢውን ቋጠሮ ያዝ።"

"አባ፣ እግሬ እምቢ አለ።"

"የኔም እምቢ ብሎ ነበር። በጸደይ ታውቃለህ። አሁን ያዝና ና።"

አንድ እጁን ፈታ። ከዚያ ሁለተኛውን። ዐይኑን ከዚያች ከሃሊሳ ድንጋይ ሳይነቅል፣ በአባቱ ጋቢ እየተጎተተ ተሻገረ። ባልና ሚስቱ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ማን ለማን እንዳጨበጨበ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ድልድይ ጋ ስንደርስ አዳነ ሳይጠየቅ የጋቢውን ጫፍ ያዘ።

ሽቅብ

ከድልድዮቹ በኋላ ጨዋታ የለም። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ በየመታጠፊያው ይበረታል። የሳሊም ነገር እውነት ነው፤ ከፍ ስንል ጠቁሮ የቀረ ግንድ አገኘን፣ ከሥሩ ሰው የሚያህል ባሉጥ ወጥቷል። አባቴ ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከድንጋይ ስንጥቅ የአበባ ቅጠል ብቅ ብቅ ብሏል።

የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ሕንፃ እላያችን ሲታይ አባቴ ተቀመጡ።

ለማረፍ አልተቀመጡም። ጉልበታቸው ከድቷቸው ነው። ይህን ልዩነት በሥራዬ አውቀዋለሁ። ከንፈራቸው ደርቋል፣ እጃቸው ዳሌያቸው ላይ ነው። ውሃ አውጥቼ "ነፍስ ከጾም ትበልጣለች፣ ኦሪቱም አይከለክልዎም" አልኳቸው። በዐይናቸው እምቢ አሉኝ። የልብ ምታቸውን ያዝኩ፤ ይፈጥናል፣ ግን ደህና ነው። "ትንሽ ይቀመጡ። ካልቀነሰ ግን እኔ ዳኛም ልጅም አይደለሁም፣ አምቡላንስ እጠራለሁ" አልኳቸው።

አዳነ ስልኩን በእጁ ይዟል። ከዚህ በላይ ትንሽ ወጣ ብሎ መኪና የሚደርስበት መንገድ አለ። ለታክሲ አንድ ጊዜ መደወል ብቻ ነው፤ ውርርዱን አሸነፈ ማለት ነው። አባቴም ስልኩን አይተዋል። ድንጋዩን ከጀርባቸው አውርደው አቀፉት። ያን ጊዜ የአራተኛው ፎቅ በረንዳ፣ ታች የሚጠራቸው ጎረቤት፣ ሁሉም ሲዘጋ ታየኝ። አለቀስኩ፤ መደበቅም አልቻልኩም።

አዳነ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጎንበስ አለ። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ መረጠ፤ ከአባቱ ድንጋይ ይበልጣል። ወደ ትከሻው አወጣው።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉት።

"ስግድ አይደለም እንዴ? እኔስ የለብኝም?" አለ። "ከፓርኩ አላስወጣሁትም፣ ሳሊም አይቆጣም።"

ወንድሜ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ስግድ ወጥቶ አያውቅም፤ ኢየሩሳሌምም ሲሄድ ጓደኞቹን ሊያገኝ ነበር። የአባቴን የልብ ምት ደግሜ ያዝኩ፤ ሰክኗል። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ደግፌ አነሣኋቸው። ድንጋያቸውን መልሰው አዘሉ። እኔም ለራሴ አነስ ያለች አነሣሁ። ሦስታችን ነጭ ለብሰን፣ ሦስት ድንጋይ ተሸክመን፣ ቀስ ብለን፣ በጣም ቀስ ብለን ወጣን። ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌተኛ መንገድ ለቆ አሳለፈን።

እኩለ ቀን፣ ጫፉ ላይ

ደረስን።

ይህን ቃል ስጽፍ አሁንም ይሞቀኛል። ንፋሱ ጋቢውን ይገለብጠዋል። ከእግራችን ሥር የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ በሙሉ ተዘርግቷል፤ ወደቡ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ፣ ከማዶ የአኮ ከተማ፣ ከዚያ ወዲያ የሊባኖስ ተራሮች በሰማያዊ። አባቴ ድንጋያቸውን አኖሩ። አዳነ የራሱን አጠገቧ፣ እኔም የእኔን። ቄስ አልነበረንም፤ አባቴ ግን ከልጅነታቸው የያዙት ጸሎት አለ። ፊታቸውን አዙረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ቃሉ ግን አልተሳሳተም።

አዳነ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ወደ ሊባኖስ እየጸለየ ነው።"

እውነቱን ነው። ጎንደር ተራራ ላይ ኢየሩሳሌም ሰሜን ናት። ልጅ ሆነው፣ ጎልማሳ ሆነው፣ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ በወጡ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረዋል። ምኩራብ ውስጥ ቢሆኑ አይሳሳቱም፤ ተራራውና ድንጋዩ ሲገጣጠሙ ግን እግራቸው የለመደውን አደረገ። ዝም ልበል ወይስ ልናገር? በመጨረሻ አዳነ ክንዳቸውን ያዘ።

"አባ፣ ኢየሩሳሌም ወዲህ ናት። ከጀርባህ ናት።"

አቋረጡ። "እንዴት ሁና ከጀርባዬ?"

"እሷ ደቡብ ናት። እኛ ከእሷ በላይ ነን።"

ሰሜኑን አዩ። ደቡቡን አዩ። ፊታቸው ላይ ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባ አየሁት።

"አሃ" አሉ። "አልፈናት መጥተናላ።"

ከዚያ ሳቁ። አባቴ እንዲያ ሲስቁ እናቴ ከሞተች ወዲህ አላየሁም። እንባቸው እስኪወርድ፣ የብረት ዳሌያቸውን በእጃቸው እስኪደግፉ ሳቁ። አባታቸውም አያታቸውም ፊታቸውን ወደ ሰሜን እንዳዞሩ፣ ሳያዩዋት ሞተዋል። እኒህ ሽማግሌ ግን እሷን ለማየት ወደ ኋላ መዞር አለባቸው። ዞሩም። ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት፣ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው አልደከመም። ሦስታችንም ሰገድን።

ከዚያ ከቤት ይዘነው የመጣነው ዳቦ ተቆረሰ። አባቴ ባርከው የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአዳነ ሰጡት።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤት

ለመውረድ አውቶቡስ ነውር የለውም ተባለ። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ተሳፍረን፣ በተማሪ መሐል፣ ጫማችን አቧራ ለብሶ ወረድን። አባቴ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ሃሊሳ እስክንደርስ አንቀላፉ። ስለ ውርርዱ ማንም አላነሣም፤ ዳኛዋም ፍርድ አልሰጠችም፣ የጠየቃት የለማ።

ደረጃው ሥር አባቴ ቀድመው ጀመሩ። አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ በዚያው በድልድዩ አረማመድ። አዳነ ቦርሳዎቹን ሁሉ ይዞ ተከተለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፤ ድንጋዩ የት ላይ እንደነበረ አሁን ትከሻው ይነግረዋል። ሊይዝ ብሎ የደረጃውን መደገፊያ ሲጨብጠው መደገፊያው ተነቃነቀ።

"አባ" ብሎ ተጣራ ወደ ላይ እያለከለከ፣ "ይህ ብረት ላልቷል። ዓርብ መሣሪያ ይዤ መጥቼ አጠብቀዋለሁ።"

አባቴ አራተኛው ፎቅ ደርሰው ቁልፋቸውን እያወጡ ነበር። ቁልቁል አዩት።

"አጥብቀው" አሉት። "ለአንተ ይጠቅምሃል።"